ክራርን በጆሮ መቃኘት፦ ለጀማሪዎችና ለአስተማሪዎቻቸው የአሠራር መመሪያ

ክራር ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ተማሪዎቼ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደምናጠናበት ክፍል ከመድረሳቸው በፊት ክራሮቹን ሁሉ ቃኝቼ መጠበቅን እንደ ትጋት እቆጥረው ነበር። የትምህርቱ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ደቂቃው በመቃኘት እንዳይባክን ብዬ ነው። አንድ ቅዳሜ የአንዱ ተማሪ እናት ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተው፣ «አንቱ ጋ ሲሆን ደህና ይጫወታል አሉ፤ ቤት ሲገባ ግን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያየዋል እንጂ አይነካውም። ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ልጁን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እቤት ስደርስ እኮ ተበላሽቷል» አለ። ክራሩ ግን አልተበላሸም ነበር። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ካላት ከደሴ ብርድ ወጥቶ 1,850 ሜትር ገደማ ወዳለችው ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ቅኝቱ ተናግቷል፤ ልጁም መልሶ መቃኘት እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የማስተምርበትን ቅደም ተከተል ለወጥኩት። ዛሬ ተማሪዬ ክራር በያዘበት በመጀመሪያው ቀን የሚማረው መቃኘትን ነው፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ከመቃኘት ሌላ ብዙ ነገር አይማርም። ለክራር ተማሪ ቅኝት የትምህርቱ መግቢያ ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ ነውና፣ ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

ክራሩን መምረጥና መፈተሽ

ለጀማሪ ውድ ክራር አያስፈልገውም፤ ቅኝት የሚይዝ ክራር ግን የግድ ያስፈልገዋል። ስትገዙ በመጀመሪያ ሁለቱን ምሰሶዎች ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ግፏቸው። ከገበቴው (ቆዳ ከተወጠረበት የታችኛው አካል) ጋር በተጋጠሙበት ቦታ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ አንዱን ክር ስታጠብቁ ሌላው እየላላ ስለሚያስቸግራችሁ መልሱት። ቀጥሎ ቀንበሩን (ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኘውን እንጨት) በዓይናችሁ ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ፤ ትንሽ መጉበጥ አይጎዳም፣ የተሰነጠቀ ግን አይሆንም። ቆዳውን በጣት ጫፍ መሃሉንና ዳር ዳሩን መታ መታ አድርጉ። አንደኛው ጎን እንደ ከበሮ እየጮኸ ሌላው እንደ እርጥብ ካርቶን የሚታፈን ከሆነ ቆዳው ሲወጠር አልተስተካከለም ማለት ነው። በመጨረሻም አንዱን ክር ከፍ አድርጋችሁ ቃኙና አሥር ጊዜ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፤ ድምፁ ከወረደ መቃኛው አይዝም።

መቃኛው ሁለት ዓይነት ነው። በጥንቱ አሠራር ክሩ ከጨርቅ ጋር ቀንበሩ ላይ ተጠምጥሞ በእጅ እየተገፋ ይዞራል፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ እንደ ጊታር ያለ የብረት መቃኛ የተገጠመላቸው ክራሮች በብዛት ይሸጣሉ። የብረቱ ይቀላል፤ ቢሆንም ለልጆች የጨርቁን እመርጣለሁ። በጨርቁ ላይ ክሩ ሲጠብቅና ሲላላ የእጅ መዳፍ ይሰማዋል፤ ጆሮውና እጁ በአንድ ጊዜ ይማራሉ። ክሩን በተመለከተ የቀደሙት ሰዎች ጅማት ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው። አዲስ የተተከለ ናይለን ለጥቂት ቀናት እየተለጠጠ ስለሚወርድ ጀማሪው በራሱ ጆሮ ላይ እንዳይፈርድ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አቀማመጥ

ወንበሩ ጉልበት ከዳሌ እኩል የሚሆንበት ከፍታ ይኑረው። ክራሩ በግራ ጭን ላይ ተቀምጦ ወደ ደረት ጋደም ይላል፤ ግራ እጅ በምሰሶዎቹ መካከል ከክሮቹ በስተኋላ ይገባል፤ ቀኝ እጅ በበርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን በሚሸከመው እንጨት) አቅራቢያ ይመታል። ትከሻው ወደ ላይ የወጣ ተማሪ ካያችሁ ወንበሩን እንጂ ልጁን አትውቀሱ።

መቃኘት፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

ክሮቹን ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ከ1 እስከ 6 ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ቁጥሩ የድምፁን ደረጃ እንጂ ክሩ በክራሩ ላይ የተተከለበትን ቦታ አያመለክትም፤ የክሮች አደራደር ከመምህር መምህር ይለያያልና የለመዳችሁትን መለወጥ አያስፈልግም። የምንጀምረው በትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፤ 1ኛው ዶ፣ 2ኛው ሬ፣ 3ኛው ሚ፣ 4ኛው ሶል፣ 5ኛው ላ፣ 6ኛው ደግሞ ከላይ የሚመለሰው ዶ ይሆናል።

በመጀመሪያ 1ኛውን ክር ከተማሪው ጉሮሮ ፈልጉ። ተማሪው እናቱ ስታንጎራጉር የሰማውን ማንኛውንም ዜማ ቃል ሳይጨምር በአፍንጫው እንዲያዜም አድርጉና ሲጨርስ የሚያርፍበትን ድምፅ ያዙ፤ ማረፊያው እርሱ ነው። 1ኛው ክር ከዚያ ድምፅ ጋር እስኪገጥም ይጠበቅ ወይም ይላላ። እዚህ ላይ የስልክ መቃኛ የሚያሳየውን ፊደል አትከተሉ፤ ክራሩ የሚያጅበው የተማሪውን ድምፅ ስለሆነ መነሻውም ከዚያው መምጣት አለበት። በወሎ ይህ ሥራ ከሚገመተው በላይ ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በመንዙማ ያደገውም ልጅ፣ በማኅሌት ያደገውም ልጅ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወርድ የሰማውም ልጅ፣ ማረፊያ ማለት ምን እንደሆነ ቃሉን ሳያውቅ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ 6ኛውን ክር ከ1ኛው ጋር አስማሙ። ሁለቱን አንድ ላይ ምቱ፤ አንዱ የአባት ሌላው የልጅ ድምፅ ሆኖ፣ ዜማው ግን አንድ ሆኖ መሰማት አለበት። ካልተስማሙ ድምፁ ሲርገበገብ ይሰማል። ወደ መስማማቱ በቀረቡ ቁጥር መርገብገቡ እየዘገየ ይሄድና ሲገጥሙ ይጠፋል። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይህን መርገብገብ እስኪሰማ ድረስ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ለአንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ ለአንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል፤ በኋላ ላይ ጥሩ ደርዳሪ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ በዚህ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ 4ኛውን ከ1ኛው ተነስታችሁ ቃኙ፤ ርቀቱ ወደ ላይ 7 ግማሽ ድምፅ ነው (ግማሽ ድምፅ ማለት በፒያኖ ላይ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ፣ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)። አራተኛ፣ 2ኛውን ከ4ኛው 5 ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አውርዱ። አምስተኛ፣ 5ኛውን ከ2ኛው 7 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ አውጡ። ስድስተኛ፣ 3ኛውን ከ5ኛው 5 ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አውርዱ። እንግዲህ መንገዱ ከ1 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 3 ነው ማለት ነው፤ ተማሪዎቼ ይህን እንደ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይይዙታል። በዚህ መንገድ የሚቃኘው እያንዳንዱ ጥንድ በጆሮ በቀላሉ የሚፈረድ ነው። ጎን ለጎን ያሉትን ክሮች፣ ለምሳሌ ዶንና ሬን፣ እያነጻጸረ የሚቃኝ ጀማሪ ግን በየደረጃው ጥቂት ጥቂት እየሳተ 6ኛው ላይ ሲደርስ ዜማው ጠፍቶበት ይገኛል።

ከጨረሳችሁ በኋላ በስልክ መቃኛ ብትፈትሹት፣ 3ኛው ክር ከሚገባው 8 ሴንት ያህል ከፍ ብሏል ይላችኋል (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። አትደንግጡ፣ ክሩንም አታላሉ። መሣሪያው የሚለካው እንደ ፒያኖ በእኩል በተከፋፈለ ሚዛን ነው፤ በጆሮ እየተጣመረ የተቃኘ ክራር ግን በየጥንዱ 2 ሴንት ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ አራተኛው ጥንድ ላይ 8 ይደርሳል። ተማሪው ከፒያኖ ጋር ካልተጫወተ በቀር ልክ የሆነው የእርሱ ጆሮ ነው። ስልክን ፈጽሞ አልከለክልም፤ የማዝዘው መቃኘቱ ካለቀ በኋላ እንዲከፈት ብቻ ነው። ቀስቱን እያየ የሚቃኝ ልጅ ዓይኑ እንጂ ጆሮው አይሠራም፤ የስልኩ ባትሪ ያለቀ ዕለት ደግሞ ያ የኮምቦልቻው ልጅ ይሆናል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። አንደኛው ፊቱን ሲያዞር ሌላው አንድ ክር በጥቂቱ ያላላበታል፤ የተላላበት ተማሪ የትኛው ክር እንደሆነ ፈልጎ ይመልሰዋል። ልጆቹ ይህን እንደ ድብብቆሽ ስለሚያዩት ሰዓቱ ሲያልቅ ይከፋቸዋል። አንዳንድ ወላጅ በዚህ ወቅት «ገንዘብ የከፈልነው ዘፈን እንዲማር ነው፤ እስካሁን አንድ ዘፈን እንኳ አልያዘም» ማለቱ አይቀርም። ክራር ልጄን ከትምህርትና ከጸሎት ያስወጣብኛል ብሎ የሚሰጋም አለ። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ መጥተው አጠገቡ ተቀምጠው እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ።

ግራ እጅ፦ ማፈን

ክራር የሚጫወቱባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። በድርደራ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ፤ በግርፍ ደግሞ ቀኝ እጅ በመግረፊያ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። እንግዲህ በግርፍ ጊዜ ዜማውን የሚሠራው የሚነሳው ጣት ነው። አዲስ ተማሪ ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል፤ ስድስት ክር እየተመታ አንዱ ብቻ እንዴት ይሰማል ይላል።

የምሠራው ልምምድ ይህ ነው። ተማሪው የግራ ጣቶቹን ሁሉ በክሮቹ ላይ በስሱ ያሳርፍና በመግረፊያው ይመታል፤ የሚሰማው ደረቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ መሆን አለበት። አንዱ ክር እንኳ ቢዘፍን ጣቱ በደንብ አልተቀመጠም። ያ ከተሳካ በኋላ አንድ ጣት ብቻ ያነሳል፣ አራት ጊዜ ይመታል፣ ይመልሳል፤ ከዚያ ሌላውን። አምስት ጣት ለስድስት ክር ስለማይበቃ አንዱ ጣት ሁለት ክር መጠበቅ አለበት፤ እኔ ይህን ሥራ ለአውራ ጣት እሰጣለሁ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አብረው መነሳት ይወዳሉ። እነዚህን ለማላቀቅ በክራሩ ላይ ብቻ መድከም አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ አምስቱን ጣት አሳርፎ የቀለበቷን ብቻ ማንሳት፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ሊሠራ የሚችል ልምምድ ነው። ጣቱ ክሩን አጥብቆ ከተጫነ ድምፁ ይዛባል፣ ጅማቱም ይደክማል፤ መንካት እንጂ መግፋት አይደለም።

የመጀመሪያው ዜማ

ብዙ መምህራን ትዝታ ዝግተኛ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል ብለው በእርሱ ይጀምራሉ። በእኔ ግምት ይህ ስሕተት ነው። በዝግተኛ ዜማ ውስጥ በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ያለውን ዝምታ መሙላት የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ጀማሪው ዝምታውን መሙላት ሲያቅተው ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ይልቅስ መሪና ተቀባይ ያለውን፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ሲሰማው ያደገውን አጭር የሠርግ ወይም የበዓል ዘፈን ምረጡ። መምህሩ መሪውን ይጫወት፣ ተማሪው የተቀባዩን ሐረግ ብቻ። ሐረጉ ከአራትና ከአምስት ድምፅ አይበልጥም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይያዛል፤ ተማሪውም በዚያው ዕለት ዘፈን ተጫውቼ መጣሁ ብሎ ቤቱ ይገባል።

ሐረጉን ስታስተምሩ በመጀመሪያ በአፉ ያዚመው፣ ቀጥሎ እያዜመ ይምታው፣ በመጨረሻ አፉን ዘግቶ ይምታው። በአፉ ያልወጣለትን ሐረግ በጣቱ ለማውጣት የሚታገል ተማሪ ካያችሁ ክራሩን ከእጁ ተቀበሉት። በየቀኑ 20 ደቂቃ የሚለማመድ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከሚቀመጠው ይበልጣል፤ ከ20ው የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ምንጊዜም የመቃኛ ናቸው።

ከቅኝት ወደ ቅኝት መሻገር

ባቲና አምባሰል የቅኝት ስሞች ከመሆናቸው በተጨማሪ እዚሁ የምናውቃቸው ቦታዎች ናቸው፤ ተማሪዎቼ አንዱን በሰኞ ገበያው፣ ሌላውን በተራራው ያውቁታል። በመሆኑም ትዝታ እንደ ተያዘ ሁሉም «ጋሼ፣ ባቲ መቼ ነው?» ማለት ይጀምራል። እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ለባቲ ማይነር በመጀመሪያ አንድም ክር አንነካም። በትዝታ ሜጀር እንደተቃኘ፣ ማረፊያውን ከ1ኛው ወደ 5ኛው ክር፣ ማለትም ወደ ላ፣ እናዛውራለን። እነዚያው አምስት ድምፆች ከላ ተነስተው ላ ላይ ሲያርፉ ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ይህን ሳሳይ ተማሪዎች ያታለልኳቸው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የማረፊያ ትምህርት አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ቅኝትን ቅኝት የሚያሰኘው የክሮቹ መጥበቅና መላላት ብቻ ሳይሆን ዜማው የት ገብቶ እንደሚያድር መሆኑን ያለ ብዙ ንግግር ያሳያል። ባቲ ማይነርን በ1ኛው ክር ላይ ማሳረፍ ሲፈለግ ደግሞ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን እያንዳንዳቸውን በግማሽ ድምፅ ማጥበቅ ይበቃል።

ለትዝታ ማይነር ከሜጀሩ ተነስታችሁ 3ኛውንና 5ኛውን በግማሽ ድምፅ አላሉ። እዚህም ማረፊያውን ወደ 4ኛው ብታዛውሩት አምባሰል ይወጣል። አምባሰልን በ1ኛው ክር ላይ ለማሳረፍ ከትዝታ ማይነር ተነስቶ 2ኛውን በግማሽ ድምፅ ማላላት፣ 3ኛውን በአንድ ሙሉ ድምፅ (በሁለት ግማሽ ድምፅ) ማጥበቅ ነው። በዚህ ደረጃ ተማሪዎች የማሪቱ ለገሠን አምባሰል እንዲሰሙ አዝዛቸዋለሁ፤ ክራሩን ትተው፣ ድምጿ በየሐረጉ መጨረሻ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ብቻ እየቆጠሩ።

ባቲ ሜጀር ከትዝታ ሜጀር 2ኛውን በሙሉ፣ 3ኛውን በግማሽ፣ 5ኛውን በሙሉ ድምፅ በማጥበቅ ይገኛል። ሙሉ ድምፅ ሲጠብቅ ያረጀ ክር ሊበጠስ ስለሚችል ፊትን ራቅ ማድረግ ይበጃል። አንቺሆዬን በመጨረሻ አቆየዋለሁ። ከአምባሰል 4ኛውን በግማሽ አላልቶ 5ኛውን በግማሽ ማጥበቅ ብቻ ቢሆንም፣ በ1ኛውና በ4ኛው መካከል ያለው ርቀት 6 ግማሽ ድምፅ ስለሚሆን እስካሁን ሲደገፍበት የኖረው የተስማማ ጥንድ ይጠፋበታል፤ ጆሮው ያልጠነከረ ተማሪ ልክ የሆነውን ቅኝት ተሳስቻለሁ ብሎ ያፈርሰዋል።

አያያዝ

ቆዳው የአየሩን ነገር ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። በክረምት ከጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ደሴን ሲሸፍን ቆዳው እርጥበት ይስብና ይረግባል፣ በርኩማው ዝቅ ይላል፣ ክሮቹም ይወርዳሉ፤ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ባቲ ቆላ ሲወርዱ ቆዳው ደርቆ ይወጠርና ድምፁ ይወጣል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ ስትጓዙ ክሮቹን ቀድማችሁ ትንሽ አላሉ፤ ከደረሳችሁ በኋላ ክራሩን ከመያዣው አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኙት። የረገበን ቆዳ ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ይሰነጥቀዋል፤ የጧት ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

የሦስት ወር ፈተና

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከተማሪዎቹ መካከል ድምፅ ያለውን አንዱን እመርጥና፣ ከዚህ ቀደም ተለማምደንበት በማናውቀው ከፍታ እንዲያዜም አደርጋለሁ። ተፈታኙ ክሮቹ በሙሉ የላሉ ክራር ይሰጠዋል፤ የዘፋኙን ማረፊያ ፈልጎ፣ ከ1 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2 እያለ ቃኝቶ ማጀብ አለበት። ስልክ የለም፣ እኔም አልናገርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባቸው አሉ፤ ዘፋኙ ሰልችቶት ማረፊያውን ራሱ የሚረሳበት ጊዜም አለ። ሲደጋገም ግን ወደ አምስት ደቂቃ ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ውስጥ ቃኝቶ ያጀበ ተማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌሎቹ ቀደም ብሎ እንዲመጣ እነግረዋለሁ፤ የእኔን ክራር የሚቃኝልኝ እርሱ ነው።